በኦይስተርና በመስል እርባታ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ወራሪ ዝርያ በየት በኩል ይገባል?

ኦይስተርና መስል ሁለት ክዳን ባለው ዛጎል ውስጥ የሚኖሩ የባሕር እንስሳት ናቸው፤ መኖ አይጠይቁም፤ ውሃውን እያጣሩ ምግባቸውን ራሳቸው ያገኛሉ። ይህን እርባታ የምወደውም ለዚህ ነው። ይሁንና ወራሪ ዝርያዎችን፣ ማለትም ከሌላ ቦታ መጥተው ነባሩን የሚጎዱ ፍጥረታትን፣ ከአንዱ ባሕር ወደ ሌላው ካሻገሩት መንገዶች አንዱ ይኸው እርባታ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚነሡት ከአንድ ቦታ ነው፦ ኦይስተር ስናጓጉዝ ኦይስተሩን ብቻ የያዝን ይመስለናል።

1. ዛጎሉን አይቶ የተሸከመውን አለማየት

የኦይስተር ዛጎል ሸካራ ነው። በስንጥቁና በጭቃው ውስጥ ትል፣ የቀንድ አውጣ እንቁላል፣ የባሕር አረም ቡቃያ ይሸሸጋል፤ ሥጋው ውስጥ ደግሞ ለዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሰሜን አሜሪካ ወደ እንግሊዝ የተወሰዱ ኦይስተሮች ክሬፒዱላ የሚባል ቀንድ አውጣ ይዘው ገቡ። ክሬፒዱላ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ እየተደራረበ ይኖራል፤ በበዛበት የባሕር ወለል ላይ ኦይስተሩን ቦታም ምግብም ይሻማዋል። ጭነቱን ያወረዱት ሰዎች ያሰቡት ስለ ኦይስተር ብቻ ነበር።

ማጠብ ይረዳል፣ ግን አይበቃም። አስተማማኙ መንገድ ከውጭ የመጡትን ወላጆች በለይቶ ማቆያ አስቀምጦ፣ እዚያው የተፈለፈሉትን ልጆቻቸውን ብቻ ከጤና ምርመራ በኋላ ወደ ባሕር ማውጣት ነው። ከማቆያው የሚወጣው ውሃም ሳይታከም መፍሰስ የለበትም። ወጪው ከባድ ነው፤ እኔ ግን ከዚህ የሚያጥር መንገድ አላውቅም።

2. «ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ አይራባም» ብሎ መተማመን

የፓስፊክ ኦይስተር እ.ኤ.አ. በ1964 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ወደ ኔዘርላንድስ ሲገባ፣ የሰሜኑ ውሃ ለመራባት የሚያስችለው ሙቀት እንደሌለው ታምኖ ነበር። ከዚያ የ1975 እና የ1976 በጋዎች ሞቁ። እጮቹ፣ ማለትም ገና ያልጎለመሱት ጥቃቅን ልጆቹ፣ በብዛት ተፈልፍለው ከእርባታው ውጭ ባለው ጠንካራ ነገር ሁሉ ላይ ሰፈሩ። ዛሬ ከኔዘርላንድስ እስከ ዴንማርክ ባለው ጥልቀት የሌለው ዋደን ባሕር የቀድሞዎቹ የመስል መደቦች ብዙዎቹ በኦይስተር ክምር ተይዘዋል፤ መስሉም በክምሩ መካከል እየተጠጋ ይኖራል።

የእጩ ጉዞ መረሳት የለበትም። አንድ ቦታ ላይ ከመጣበቁ በፊት ለሳምንታት በውሃው ሞገድ ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ የሚሰፍርበትን ቦታ የሚወስነው አርቢው ያጠረው አጥር አይደለም። አማካይ የሙቀት መጠን አይቶ የሚወስን ሰው ይሳሳታል፤ ለወረራ አንድ ለየት ያለ በጋ ይበቃል። በተለመደው ሁለት ፈንታ ሦስት ስብስብ ክሮሞሶም (ውርስን የሚሸከም የሕዋስ ክፍል) ያላቸውን መካን ኦይስተሮች ማርባት አደጋውን ይቀንሳል። ነገር ግን መካንነታቸው መቶ በመቶ አይደለም፤ የተጣበቀባቸውን እንግዳም አያመክኑትም።

3. ቆራርጦ መልሶ ወደ ባሕር መጣል

ድሮ ኦይስተር አርቢዎች ጠላታቸውን የባሕር ኮከብ ቆራርጠው ወደ ውሃው ይመልሱት ነበር። ከመሃል አካሉ ቁራሽ የቀረለት ክንድ ግን ተመልሶ ሙሉ እንስሳ ሊሆን ይችላል። ዛሬም ተመሳሳይ ስህተት ይታያል። ዲዴምነም የሚባለው፣ ገመድና መረብን እንደ ሊጥ የሚሸፍነው እንስሳ ከቁራጩ ያድጋል፤ ባሕር ላይ ፍቆ መጣል መዝራት ማለት ነው። ፍቃፊውን ሰብስቦ ወደ ደረቅ መሬት ማውጣትና እስኪሞት ማድረቅ ያስፈልጋል።

4. ጥፋቱን ሁሉ በመርከብ ማሳበብ

መርከቦች ሚዛን ለመጠበቅ በሆዳቸው የሚሞሉት ውሃ ትልቅ በር መሆኑ እውነት ነው። የባሕር ሕይወት ተመራማሪዎቹ ጄምስ ካርልተንና ጆናታን ጌለር በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ ከጃፓን ወደ አሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት በገቡ 159 መርከቦች ውሃ ውስጥ 367 ዓይነት ሕያዋን ለይተዋል። ይህን ውሃ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2004 ጸድቆ በ2017 ሥራ ላይ ዋለ። ሆኖም ያልደረቀ ገመድ፣ ተንሳፋፊ በርሜልና ሆዱ ያልተፋቀ ትንሽ ጀልባ ከአንዱ ሰርጥ ወደ ሌላው የሚሄዱት በአርቢው እጅ ነው።

5. የነበረውን ሳይመዘግቡ መጀመር

ከእርባታው በፊት በቦታው ምን እንደሚኖር ያልመዘገበ ሰው፣ ኋላ ያየው ፍጥረት ነባር ይሁን መጤ መለየት አይችልም። ፎቶ ያንሡ፣ ናሙናውን በአልኮል ያቆዩ፣ ቀኑንና ቦታውን ይጻፉ።

6. እስኪበዛ መጠበቅ

በ1999 በአውስትራሊያ ዳርዊን ከተማ የጀልባ ማቆሚያዎች ውስጥ ባለ ጥቁር መስመር መስል የሚባል ወራሪ ዝርያ ተገኘ። ወዲያው ማቆሚያዎቹ ተዘጉ፤ ውሃው በክሎሪንና በመዳብ ሰልፌት ታከመ፤ መስሉም በሳምንታት ውስጥ ጠፋ። በሕክምናው ሌሎች ፍጥረታትም አብረው አለቁ፤ ውሳኔው ቀላል አልነበረም። ያዋጣው ማቆሚያዎቹን ከባሕሩ የሚለዩ በሮች ስለነበሩ ነው። ከዚያ ዐሥር ዓመት ገደማ ቀድሞ በሳን ፍራንሲስኮ ሰርጥ የታየው አረንጓዴው የአውሮፓ ሸርጣን እንዲህ ያለ በር አልገጠመውም፤ በዐሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ዳርቻውን ይዞ ወደ ሰሜን እስከ ካናዳ ደረሰ። የሚበላውም እንደ ኦይስተርና መስል ያሉትን ትንንሽ ባለዛጎል እንስሳት ነው።