ቶዮታ የሚል የእጅ ሰዓት እጃችሁ ከገባ

አጎቴ ከቡሬ እስከ ደጀን እህል ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ነው። ባለፈው ማርቆስ ቤቱ ስሄድ ቶዮታ የሚል የቆመ ሰዓት ከሳጥን አወጣና «ይኼ እኮ የጃፓን ነው፣ ስንት ያወጣል?» አለኝ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ እናስከፍተው» አልኩት። ቅር አለው።

ቶዮታ የሚሠራው መኪና ነው። እንዲህ ያለው ሰዓት ለደንበኛ ወይም ለሠራተኛ የሚታደል ስጦታ ነው፤ ሌላ ፋብሪካ በብዛት ያመርተዋል፣ አርማው ይታተምበታል፣ አለቀ። የመኪና ስም ያለበት ውድ ሰዓትም የለም ማለቴ አይደለም፤ የስዊሱ ሰዓት ሠሪ ሁብሎት በፈረንጆቹ 2011 ከፌራሪ ጋር ተስማምቶ የሠራቸው አሉ፤ እነሱ ላይ ግን የሰዓት ሠሪው ስም አብሮ አለ።

አሁን አጉሊ መነጽር ያዙና ከ6 ቁጥር ግርጌ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። «ጃፓን ሙቭት» ካለ የጃፓን የሆነው ማሽኑ ብቻ ነው፤ ቀፎው፣ መስታወቱና ማሰሪያው ከሌላ አገር፣ ብዙ ጊዜም ከቻይና ሊሆን ይችላል። «ስዊስ ሜድ» ግን ሕግ አለው፤ ማሽኑ የስዊስ ሆኖ እዚያው መገጣጠምና መፈተሽ አለበት፣ ከምርት ወጪውም ቢያንስ 60 በመቶው እዚያ የወጣ መሆን አለበት። እርግጥ ውሸት መጻፍ ማንንም አያቅትም።

የጀርባ ክዳኑ ላይ «ስቴንለስ ስቲል ባክ» የሚል ካያችሁ አትሸወዱ። የማይዝገው ክዳኑ ነው! ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ ቅብ ብረት ነው። ማሰሪያው የሚያያዝበትን ጠርዝና ላብ የሚያገኘውን የክዳኑን ዙሪያ እዩት፤ ከሥር ቢጫ ወይም ግራጫ ነገር ብቅ ካለ ቅቡ እየለቀቀ ነው። የማይጫኑ ቁልፎችና ፊቱ ላይ የተሳሉ ትንንሽ መርፌዎች ካሉት ደግሞ ለጌጥ የተቀመጡ ናቸው። «3 ኤቲኤም» የሚለው የውሃ መቋቋም ልክ ዝናብና እጅ መታጠብ ቢችል ነው፣ አስራችሁት ጣና እንዳትገቡ።

ዋናው ነገር ግን ውስጡ ነው። የወጥ ቤት ቢላ ተዉና ሰዓት ሠሪ ጋ ውሰዱት። ማሽኑ ላይ ሚዮታ ወይም ሮንዳ የሚል ስም ከነቁጥሩ ተቀርጾ ካገኛችሁ ደህና ነው፤ ሚዮታ የጃፓኑ ሲቲዝን ነው፣ ሮንዳ የስዊስ። ሚዮታ 2035 የሚባለው በርካሽ ሰዓቶች ውስጥ በብዛት ይገኛል፣ ባትሪውም 626 የሚሉት ትንሹ ስለሆነ መተካቱ አያስቸግርም። ስም የለሽ ማሽን ከሆነ፣ በዚያ ላይ ትንሽዬ ሆና በሰፊ የፕላስቲክ ቀለበት ከተደገፈች፣ ብዙ አትጠብቁ። አንድ ነገር፦ ሰዓቱ ከቆመ ባትሪውን አስወጡት፣ ውስጡ ከፈሰሰ ማሽኑን ይበላዋል።

የአጎቴ ሲከፈት ሚዮታ ሆነ፣ ባትሪው ግን መፍሰስ ጀምሮ ነበር። ሠሪው ጠርጎ አዲስ ገጠመለት፣ ሠራ። ዋጋው የስጦታ ሰዓት ዋጋ እንደሆነ ነገርኩት። «ታዲያ ለምን እሸጠዋለሁ?» አለና በሐበሻ አቆጣጠር ሞልቶ አሰረው።