የቲቢ መድኃኒት ስትወስዱ ሰውነታችሁ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ እወቁ

የቲቢ ሕክምና የጀመረ ሰው የሚፈተነው ሲሻለው ነው። ሳሉ ይቀንሳል፣ የሌሊቱ ላብ ይቆማል፣ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል፣ ከዚያ «ድኛለሁ እኮ፣ ይሄን ሁሉ ክኒን ለምን እውጣለሁ?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እባካችሁ እዚህ ጋ አታቁሙ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ባክቴሪያው በትንፋሽ ሳንባ ሲገባ ማክሮፌጅ የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች ይውጡታል። ሌላ ጀርም ቢሆን እዚያው ያልቅለት ነበር፤ የቲቢው ግን የዋጠው ሴል ውስጥ ሆኖ ይራባል። ከሳምንታት በኋላ ቲ-ሴሎች የሚባሉ ሌሎች የመከላከያ ሴሎች ይደርሱና ኢንተርፌሮን ጋማ በሚባል ንጥረ ነገር ማክሮፌጆቹን ያበረታሉ፣ ተሰባስበውም ይከቡታል። ይህ ክምችት ግራኑሎማ ይባላል። ብዙ ሰው ላይ ነገሩ እዚህ ይቆማል፤ ባክቴሪያው ከገባባቸው ሰዎች ውስጥ በዕድሜያቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ ናቸው። ኤችአይቪ ሲኖር ግን ከበባው ይላላል፣ ቲኤንኤፍ የሚባለውን የመከላከያ ሴሎች መልእክተኛ ንጥረ ነገር የሚያግዱ የመገጣጠሚያ ሕመም መድኃኒቶችም እንደዚያው፤ እነሱን ከመጀመራችሁ በፊት የቲቢ ምርመራ ጠይቁ።

ግራኑሎማው ውስጥ ከተደበቁት ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ ያንቀላፋሉ፣ አብዛኛው መድኃኒት ደግሞ የሚበረታው በሚራቡት ላይ ነው። የተለመደው ሕክምና 6 ወር የሚፈጀው ለዚህ ነው። 2 ወር አራት መድኃኒት፣ ቀጥሎ 4 ወር ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ። በየቀኑ ሰዓት ለዩለት። ሽንታችሁ ቢቀላ አትደንግጡ፣ ሪፋምፒሲን ነው። እሱ የወሊድ መከላከያ ክኒንን ስለሚያዳክም ሌላ ዘዴ ጠይቁ። ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ ደጋግሞ ካስመለሳችሁ ወይም ቀለም መለየት ካቃታችሁ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ የዚያኑ ቀን ሂዱ።

ሕክምናው ሲጀመር አክታችሁ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሪፋምፒሲንን የተላመደ፣ ማለትም መድኃኒቱ የማይገድለው፣ መሆን አለመሆኑ በፈጣኑ የዘረመል ምርመራ ይታይ። ይህንን አጥብቃችሁ ጠይቁ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ድሮ እስከ 20 ወር የሚፈጅ፣ ብዙ መርፌ ያለበት ሕክምና ነበረው፤ ስንት ሰው መሀል ላይ ተስፋ ቆርጧል። በ2022 ግን የዓለም ጤና ድርጅት ቤዳኪሊን፣ ፕሬቶማኒድ፣ ሊኔዞሊድና ሞክሲፍሎክሳሲንን ያጣመረ፣ ሙሉ በሙሉ በክኒን የሚሰጥ የ6 ወር ሕክምና መክሯል። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት አይደለም፤ ለእናንተ ይሆን እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ከተጀመረላችሁ የልብ ምርመራውና የደም ቆጠራው አይለፋችሁ፣ እግራችሁን ከደነዘዛችሁም ወዲያው ተናገሩ፣ ሊኔዞሊድ ነርቭ ይጎዳልና።

ተመራማሪዎች አሁን የሰውነትን መከላከያ ራሱን የሚያግዙ መድኃኒቶችንም እየሞከሩ ነው። ሳንባን የሚቦረቡረው ባክቴሪያው ብቻ አይደለም፣ ልክ ያለፈ የሰውነት ቁጣም ነው። የአንጎል ሽፋን ቲቢ ላይ ዴክሳሜታዞን የሚጨመረው ይህን ቁጣ ለማብረድ ነው።

አብረዋችሁ የሚኖሩትንም አትርሱ፣ በተለይ ሕፃናትን። ተመርምረው ካልታመሙ መከላከያ ሕክምና አለ፤ አንደኛው በሳምንት አንዴ፣ በጠቅላላው 12 ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዛችኋቸው ሂዱ።