ለሥዕል ብለው አናቶሚ ሲማሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ታታሪ ተማሪዬ የክንድን ጡንቻዎች በሙሉ ቀለም ለይቶ የሣለበትንና የእያንዳንዱን ስም አጠገቡ የጻፈበትን ገጽ አሳየኝ። አንድም ስም አልተሳሳተም። ወዲያው ፊት ለፊቱ የተቀመጠች ጓደኛው የቡና ስኒ ስታነሣ እንዲሥል ስጠይቀው ግን ያ ሁሉ ያጠናው ክንድ ወረቀቱ ላይ እንደ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ቀረ። ድሬዳዋ ውስጥ ሥዕል ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህንኑ ደጋግሜ ስላየሁ፣ የሰውን አካል ለመሣል ብለው አናቶሚ (የአካል አሠራር ጥናት) ለሚጀምሩ ሁሉ በጽሑፍ ላስቀምጠው ወሰንኩ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት አናቶሚን ከሕክምና ሥዕሎች ብቻ መማር ነው። በእነዚህ ሥዕሎች ላይ የምናየው ሰው ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ እጆቹን በጎኑ ያወረደና መዳፎቹን ወደ ፊት ያዞረ ነው። ይህ አቋቋም ሐኪሞች የአካል ክፍሎችን ቦታ ሳይምታታ ለመግለጽ የተስማሙበት ነው፤ ገበያ የሚሄድ፣ ቡና የሚቀዳ ወይም ልጅ ያዘለ ሰው ግን እንዲህ አይቆምም። ከክርን እስከ እጅ አንጓ ድረስ ሁለት አጥንቶች አሉ። መዳፍ ወደ ላይ ሲዞር ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ መዳፍ ወደ ታች ሲገለበጥ ግን በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት በትንሿ ጣት በኩል ባለው ላይ ይሻገራል። የትንሿ ጣት ወገን አጥንት ክርን ላይ እንደ በር ማጠፊያ ስለተያዘ ቦታውን ብዙም አይለቅም፤ ጠረጴዛ ስንደገፍ የሚቆረቁረን የክርን ጫፍም የእርሱ ነው። አጥንቱ ሲሻገር ጡንቻዎቹም አብረው ይጠመዘዛሉ፣ ሰፊና ጠፍጣፋ የነበረው ክንድም ክብ እየሆነ ይመጣል። መዳፉ ወደ ፊት የዞረውን ክንድ ብቻ በቃሉ የያዘ ተማሪ ይህን ጥምዘዛ ሊያውቀው አይችልም፤ መዳፉን ገልብጦ ይሥልና ክንዱን ባለበት ይተወዋል፣ እጁም ከአንጓው ላይ የተሰበረ ይመስላል።

ስለዚህ ተማሪዎቼን ሐረር ጀጎል ውስጥ ወዳለው መኪና ግርግር እወስዳቸዋለሁ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖች ድምፅ ሲሆን፣ ለክንድ ጥናት ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ልብስ ሰፊው ጨርቁን ወደ መርፌው ሲገፋ መዳፉ ወደ ታች ይሆናል፣ ክር ሲያስገባ በከፊል ይዞራል፣ የተሰፋውን ገልብጦ ሲመረምር ደግሞ መዳፉ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ይህንኑም ቀኑን ሙሉ ይደጋግመዋል። በመጀመሪያ ሰላምታ ሰጥተን እናስፈቅዳለን፤ ሳያስፈቅዱ ሰውን መሣል ነውር መሆኑን ለማንም ተማሪ ሁለት ጊዜ አልነግርም።

ከአጥንት በፊት ጡንቻን መሸምደድም ብዙ ጊዜ ያባክናል። የአዋቂ ሰው አጥንቶች 206 ናቸው፣ ጡንቻዎቹ ግን ከ600 ይበልጣሉ። ለጀማሪ የሚበጀው ከቆዳ ሥር ወዲያው የሚዳሰሱትን ጥቂት አጥንቶች ማወቅ ነው፦ ከደረት መሐል እስከ ትከሻ የሚዘረጉትን ሁለቱን፣ የክርንን ጫፍ፣ የዳሌን ሁለት የፊት ጫፎች፣ የጉልበትን ሎሚ፣ የቅልጥምን ስለት፣ ቁርጭምጭሚትን። ሰው ቢወፍርም ቢከሳም እነዚህ ነጥቦች ቦታቸውን አይለቁም። በገዛ አካልዎ ላይ በጣትዎ እየዳሰሱ ይፈልጓቸው።

ጡንቻን የተማሩ ደግሞ የተማሩትን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ማሳየት ይወዳሉ። ክንድ ሲታጠፍ ከክርን በላይ ያለው የፊተኛው ጡንቻ ይኮማተራል፣ የኋለኛው ይላላል፤ ሁለቱንም እኩል ያበጡ አድርጎ መሣል ውሸት ነው። አስከሬን እየከፈተ አናቶሚን ያጠናው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ራሱ፣ ጡንቻ የበዛበትን እርቃን ሥዕል ዋልነት በሚባል ባለ ጠንካራ ቅርፊት ፍሬ ከተሞላ ከረጢት ጋር አመሳስሎታል። እኛ አገር ቢሆን የባቢሌ ኦቾሎኒ የታጨቀበት ጆንያ ይለው ነበር ብዬ አስባለሁ።

የክብደትን ነገር የተማርኩት ከራሴ ስህተት ነው። በወጣትነቴ በድሬዳዋው ከፊራ ገበያ ውስጥ ጆንያ የተሸከመ ሰው ሥዬ፣ በፊቱና በእጁ ጅማቶች ላይ ለቀናት ደክሜ ነበር። ሥራቸው ሸክም ለነበረ አንድ አዛውንት ባሳያቸው፣ ጥቂት ተመልክተው «አቦ፣ ይሄ ሰውዬ የተሸከመው ባዶ ጆንያ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ሁለቱን ትከሻዎችም ሆነ የዳሌውን ሁለት ጎኖች በአንድ ልክ አግድሜያቸዋለሁ። ከባድ ነገር በአንድ ትከሻው የተሸከመ ሰው ያንን ትከሻ ከፍ ያደርጋል፣ ሚዛኑን ለመጠበቅም ወገቡን ወደ ሌላው ጎን ይገፋል። ሸክም ባይኖርም፣ በአንድ እግሩ ተደግፎ የቆመ ሰው ክብደቱን በያዘው እግር በኩል ዳሌው ከፍ፣ ትከሻው ዝቅ ይላል። ከአንገቱ ሥር ካለው ጉድጓድ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ታች ቢያወርዱ በደጋፊው እግር ቁርጭምጭሚት አካባቢ ያርፋል፤ ራቅ ብሎ ካረፈ የሣሉት ሰው ሊወድቅ ነው።

ዓይንን ወደ ግንባር መስቀል የተለመደ ነው፤ የዓይን ቦታ ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት እኩሌታ ላይ ነው። የአዋቂ ሰው ቁመት 7 ተኩል ራስ (ራስ ማለት ከአናት እስከ አገጭ ያለው ርዝመት ነው) ያህል ነው የሚለውንም ልኬት ለሕፃን አይጠቀሙበት፤ አራስ ልጅ 4 ራስ ያህል ብቻ ናት።

ልብስ ከአናቶሚ የሚያድን የሚመስላቸውም አሉ። ድሬዳዋ ውስጥ ድሪያ የሚባለውን ስስና ሰፊ ቀሚስ የለበሰች ሴት ስትራመድ ጨርቁ ከትከሻዋ ይንጠለጠላል፣ የፊተኛው ጉልበቷ ሲገፋው ይወጠራል፣ ከዚያም እንደገና ይለቀቃል። እጥፋቶቹን የሚወስኑት ከሥር ያሉት ነጥቦች ስለሆኑ፣ አካሉን በቀጭን መስመር ሳይሥሉ ጨርቁን አይጀምሩ።

እጅን ኪስ ውስጥ፣ እግርን ሣር ውስጥ መደበቅ ይቅር። ስለ እግር ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ፦ ባት በውጭ በኩል ከፍ ብሎ ይወጣል፣ በውስጥ በኩል ዝቅ ብሎ ያብጣል፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጥና የውስጠኛው ከፍ፣ የውጭኛው ዝቅ ይላል። ጫማዎን አውልቀው መስታወት ፊት ይቁሙና ሁለቱን ያነጻጽሩ።