ስንዴው ያልበቀለው ዝናብ ጠፍቶ ነው ወይስ ማሳው ታርሶ ታርሶ?

በዝናብ ብቻ የሚለማ የክረምት ስንዴ በመፀው ይዘራል፤ ብርዱን ተኝቶ ያሳልፍና በቀጣዩ በጋ ይታጨዳል። (ክረምት ስል በረዶውን ነው፣ የዝናቡን ወቅት አይደለም፤ ፀደይ በረዶው የሚቀልጥበት፣ በጋ ደግሞ ከዚያ የሚቀጥለው ሞቃት ወቅት ነው።) ሲዘራ ተስፋው አፈሩ ቀድሞ ያጠራቀመው ውሃ ነው። ያንን ውሃ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምናባክነው እኛው ነን። ውሃ ይግባ ብለን እናርሳለን፣ ያለውን እናስወጣለን።

ከምንም በፊት አካፋና ከአንድ ሜትር የማያንስ ቀጭን የብረት ዘንግ ያዙ። ዘንጉ እርጥብ አፈር ውስጥ ይሰምጣል፣ ደረቁ ላይ ሲደርስ እምቢ ይላል። በደለላማ አፈር ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ከገባ ለሰብሉ ወደ 100 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውሃ አለ ማለት ነው። አሸዋማ ከሆነ ግማሹን አስቡ።

ምልክት፦ ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ማሳው ግን ባዶ ነው

መስመሩን ቆፍሩና ዘሩን ፈልጉ። መልሱ እሱ ጋ ነው።

ዘሩ እንደተዘራ ደረቅ ከሆነ ውሃ አላገኘም። ስንዴ ለመብቀል የክብደቱን ከ35 እስከ 45 በመቶ ያህል ውሃ መጠጣት አለበት። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ከመዝራት በፊት የተደረገው የመጨረሻው እርሻ ነው። የተገለበጠ አፈር ፀሐይና ነፋስ ሲያገኘው፣ ማረሻው እስከነካው ጥልቀት ድረስ ይደርቃል። ከዚያ በታች ግን እርጥበቱ ሊኖር ይችላል። ከዘሩ ሥር እፍኝ አፈር አንሱና ጨብጡ። እጃችሁን ስትከፍቱ ቅርጹን ከያዘ እርጥብ ነው፤ በጣቶቻችሁ መካከል ከፈሰሰ ደረቅ።

እርጥቡ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ላይ ካለ፣ ዘሩን እዚያው አድርሱት። ከዚያ ከጠለቀ ዝርያችሁን ጠይቁ። አጭር አገዳ ያላቸው ብዙዎቹ ዝርያዎች ቅጠሉን አቅፎ ከአፈር የሚያወጣው ነጭ ሽፋናቸውም አጭር ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ቀበራችኋቸው ማለት ቀበራችኋቸው ነው። እንዲህ ሲሆን በደረቁ፣ ጠለቅ ሳይል ዘርቶ ዝናብ መጠበቅ ይሻላል። ውሃ ያልቀመሰ ዘር ደረቅ አፈር ውስጥ ይቆያል። መጥፎው መሃል ቤት ያለው እርጥበት ነው፦ ዘሩ ያብጣል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ይሻግታል። ያበጠና የሸተተ ዘር ካገኛችሁ መልሶ መዝራት ነው፣ ሌላ ዘዴ የለውም።

ሦስተኛው ዕድል፦ ዘሩ በቅሏል፣ ቡቃያው ግን ከቅርፊቱ ሥር እንደ ታጠፈ ሽቦ ተጠማዟል። አፈሩ እንደ ዱቄት ልሞ ነበር፣ ዝናብ መታው፣ ደረቀና ተጋገረ። ቅርፊቱን በቀላል መሰንጠቂያ ቶሎ ስበሩት፤ ቀናት ካለፉ ቡቃያው አቅሙን ይጨርሳል። ለከርሞ ጓሉን ተዉት። ማሳው ላይ ጓል ሲታይ የሚያፍር ገበሬ አለ፤ ጓል ግን ቅርፊትንም ነፋስንም ይከላከላል።

ምልክት፦ በመፀው ያማረው ስንዴ በፀደይ ይጠወልጋል

ከጎረቤት ማሳ ቀድሞ ከጠወለገ ሥሩን ተመልከቱ። ወደ ታች ወርዶ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ እንደ ከዘራ ከጎበጠ፣ ማረሻው ራሱ የሠራው ጠጣር ንጣፍ አለ። በየዓመቱ እኩል ጥልቀት ላይ፣ አፈሩ ረጥቦ ሳለ ማረስ ያመጣዋል። ውሃው ከታች አለ፣ ሥሩ ግን አይደርስበትም። በዘንጉ ስትሞክሩ ማሳው ሁሉ ላይ እኩል ጥልቀት ጋ ይገታችኋል፤ ገፋ ስታደርጉት ይሾልካል።

መፍትሄው ሰብሉ እንደታጨደ፣ አፈሩ ደረቅ ሳለ በቺዝል፣ ማለትም አፈሩን ሳይገለብጥ በጠባብ ጥርሶች በሚሰነጥቅ ማረሻ፣ መስበር ነው። ከንጣፉ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ነዳጅ ማቃጠል ነው። እርጥብ ከሆነ ግን አትጀምሩት። ይቦካል እንጂ አይሰበርም።

ምልክት፦ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ሁሉ ቁልቁል ይሄዳል

መሬቱ ረጥቦ ከቀዘቀዘ እንደ ድንጋይ ነው፤ የቀለጠው ከላዩ ይንሸራተታል። በተዳፋት ላይ የመፀው እርሻ የሚጠቅመው እዚህ ነው። በቺዝል፣ ተዳፋቱን አግድም፣ ራቅ ራቅ ያለ ቦይ አውጡ፤ ገለባውን ግን አትቅበሩት። የቆመ ገለባ ነፋስ የሚያመጣውን በረዶ ያስቀራል። ሜዳማ መሬት ላይ ገለባው ቆሞ ካለ፣ እባካችሁ አትንኩት።

ምልክት፦ ማንም ሳይዘራበት ማሳው ደረቀ

አረም ጠጥቶታል። ከአጨዳ በኋላ የቀረ አረምና ራሱ የበቀለ ስንዴ ለሚዘራው የተቀመጠውን ውሃ ይወስዳሉ። ራሱ የበቀለው ስንዴ ቫይረስ የሚያስተላልፉ፣ ማይት የሚባሉ ጥቃቅን ተባዮችንም ያሻግራል። ስለዚህ ከመዝራታችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መሞት አለበት። ወይ ፀረ አረም ይረጫል፣ ወይ ከሥር ቆርጦ ገለባውን ከላይ በሚተው ሰፊ ምላጭ አንዴ ይታረሳል። አፈሩን በክብ ምላጮች የሚገለብጠው ዲስክ ሁለቴ ካለፈበት ግን አረሙን ገድላችሁ ውሃውን ራሳችሁ ጨርሳችሁታል።