ጠንካራ ካርታ ይዛችሁ የምትበሉት ለምንድን ነው? ችግሩና መፍትሄው

ሁለት አስ፣ ሁለት ንጉሥ፣ አስና ንጉሥ። ሁሉም ተጫዋች የሚመኛቸው ካርታዎች ናቸው፣ ግን ብዙ ቺፕስ (የመጫወቻ ገንዘብ) የሚያልቀውም በነሱ ነው። በደካማ ካርታማ ማን ብዙ ያስይዛል? የምናወራው ገደብ ስለሌለው ቴክሳስ ሆልደም ነው፣ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ይዞ ጠረጴዛው ላይ ከሚገለጡ አምስት የጋራ ካርታዎች ጋር ስለሚጫወተው ፖከር። የናንተን ችግር ፈልጉና እሱን አንብቡ።

ችግር፦ «ሁለት አስ ይዤ ተበላሁ»

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሰው ብዛት ነው። ሁለት አስ ከአንድ ሰው ጋር፣ ያ ሰው የትኛውንም ካርታ ቢይዝ፣ እስከ መጨረሻው ከተኬደ በአማካይ 85 በመቶ ያህል ያሸንፋል። ሁለት ሰው ሲገባ ወደ 73 ይወርዳል፣ ሦስት ሲገባ ወደ 64፣ አራት ሲገባ ወደ 56። ስምንት ሰው ከገባ 35 ገደማ ነው፣ ማለትም የጨዋታውን አንደኛ ካርታ ይዛችሁ ከሦስት ጊዜ ሁለቴ ያህል ትበላላችሁ። «ሰው እንዳይሸሽብኝ» ብላችሁ ቢግ ብላይንዱን (ካርታ ከመታደሉ በፊት በግዴታ የሚቀመጠውን ትልቁን መነሻ ክፍያ) ብቻ ከፍላችሁ ስትገቡ ሁሉንም በርካሽ የጋበዛችሁት እናንተው ናችሁ።

መፍትሄ፦ ከፊታችሁ ማንም ካልገባ የቢግ ብላይንዱን ሦስት እጥፍ አስይዙ። የገባ ካለ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቢግ ብላይንድ ጨምሩ። ብላይንዱ 100 ሆኖ ሁለት ሰው ከገባ 500 ማለት ነው። አንዱ ቀድሞ 300 ሬዝ ካደረገ (ማስያዣውን ከፍ ካደረገ) ደግሞ ኮል ብሎ (ያንኑ ያህል ብቻ ከፍሎ) መቀመጥ የለም፣ 900 አድርጉት። ከፍሎፕ (መጀመሪያ አብረው ከሚገለጡት ሦስት የጋራ ካርታዎች) በኋላ ከሱ ቀድማችሁ የምትጫወቱ ከሆነ 1,200። በነገራችን ላይ ሦስት ሰው ይህን ሁሉ ከፍሎ ከተከተላችሁ አትከፉ፣ ስታሸንፉ ፖቱ (መሃል የተጠራቀመው ገንዘብ) ትልቅ ነው። የሚጎዳው በርካሽ ሲገቡ ነው።

ችግር፦ «ሬዝ ሳደርግ ሁሉም ይጥላል»

መጠኑ ያሳብቅባችኋል። በመካከለኛ ካርታ ሁለት እጥፍ፣ በአስ ስድስት እጥፍ የምታስይዙ ከሆነ ጠረጴዛው ቶሎ ይነቃባችኋል። ወይም ደግሞ ሬዝ የምታደርጉት ከስንት አንዴ ነው። ሁለት አስ የሚመጣው በአማካይ ከ221 ጊዜ አንዴ ስለሆነ፣ እሱን ብቻ ሲጠብቅ የዋለን ሰው ማን ይከተላል? መጠኑ አንድ ዓይነት ይሁን። የሚለዋውጠው ቀድሞ የገባው ሰው ብዛት እንጂ የያዛችሁት ካርታ መሆን የለበትም። መካከለኛ ጥንዶችን፣ አስና ንግሥትን የመሳሰሉትንም በዛው መጠን ሬዝ አድርጉባቸው።

ችግር፦ «አስና ንጉሥ አይመታልኝም»

ገና ጥንድ አይደለማ! ፍሎፕ ላይ ጥንድ ወይም የተሻለ የሚሠራው ከሦስት አንዴ ገደማ ነው። ካርታው ሳይወጣ በእልህ ሦስት ዙር ማስያዝ ነው የሚያስበላው። አንድ ሰው ብቻ ከቀረና ፍሎፑ ያልተያያዘ ከሆነ የፖቱን ሲሶ ያህል አንዴ አስይዙ፣ ካልጣለ ተዉት። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ካለ ቼክ፣ ማለትም ሳታስይዙ አሳልፉ።

ችግር፦ «ሁለት ንግሥት ይዤ ፍሎፕ ላይ አስ መጣብኝ»

ይሄ መጥፎ ዕድል ይመስላል እንጂ የተለመደ ነው። ሁለት ንጉሥ ስትይዙ ፍሎፕ ላይ አስ የመውጣቱ ዕድል 23 በመቶ ገደማ ነው። በሁለት ንግሥት፣ አስ ወይም ንጉሥ የመውጣቱ ዕድል 41 ይደርሳል። በሁለት ጃክ፣ የሚበልጥ ካርታ የሚመጣው 57 በመቶ ነው፣ ከግማሽ በላይ! ሰው ግን ከፍሎፕ በፊት ጠንካራ የነበረው ካርታ አሁንም ጠንካራ መስሎት ማስያዙን ይቀጥላል። የሚበልጣችሁ ብቻ ይከተላችኋል፣ ደካማው ይጥላል። ስለዚህ ቼክ በሉ። አንድ ተጋጣሚ ብቻ ካለና መጠነኛ ካስያዘ አንዴ ኮል አድርጉ። በሚቀጥለው ካርታ እንደገና ትልቅ ካስያዘ ጣሉት። ብዙ ሰው ካለ የመጀመሪያውንም አትከተሉ።

ችግር፦ «ላጠምደው ዝም ብዬ በመጨረሻው ካርታ በለጠኝ»

በነፃ አሳለፋችሁታ። ፍሎፑ ላይ ሁለት ልብ አለ እንበል፣ እሱም ሁለት ልብ ይዟል። የሚቀጥለው ካርታ ላይ ፍላሽ (አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች) የመሥራት ዕድሉ 19 በመቶ ነው፣ እስከ መጨረሻው ካየ ደግሞ 35 ያህል። የፖቱን ግማሽ ስታስይዙ ኮል ማድረጉ እንዲያዋጣው 25 በመቶ ዕድል ያስፈልገዋል፣ ሁለት ሦስተኛውን ስታስይዙ ወደ 29፣ ለሚቀጥለው ካርታ ያለው ግን 19 ብቻ ነው። ቼክ ካላችሁ ግን ምንም አልከፈለም። ፍላሽና ስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታ) የሚጠራ ፍሎፕ ሲመጣ ሁለት ሦስተኛውን አስይዙ። ማድፈጥ የሚያዋጣው ፍሎፑ አስ፣ 7፣ 2 ሆኖ ሦስቱም የተለያየ ምልክት ሲኖራቸውና እናንተ ሦስት አስ ስትይዙ ዓይነት ነው። ያኔም ለአንድ ዙር ብቻ።