አሜሪካ ለምታመለክቱ ልጆች፣ ከፊዚክስ መምህራችሁ

አዲስ አበባ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። መስከረም ሲጠባ የ12ኛ ክፍል ልጆች «ቲቸር፣ ሪኮመንዴሽን ይጻፉልኝ» እያሉ ይመጣሉ። ከደብዳቤው በፊት የምነግራቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የገንዘቡን ነገር እወቁ። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከውጭ አገር የሚያመለክት ልጅ መክፈል እንደማይችል ሲያዩ ሊተዉት ይችላሉ። ሀርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስትና ዳርትመዝ ግን ሲመርጡ የቤተሰብን ኪስ አያዩም። ከተቀበሏችሁ ቤተሰብ ያልቻለውን ይሸፍናሉ። በእነሱ ብቻ ግን አትወሰኑ፤ ከመቶ አመልካች የሚወስዱት ጥቂት ነው። የማመልከቻ ክፍያ ከከበዳችሁ ነጻ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ። ቦታ አስገኛለሁ ለሚል ደላላ አንድ ብር እንዳትሰጡ።

ማርክ ወሳኝ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ትራንስክሪፕት ይታያል። ኤስኤቲ የሚባለው የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተናም በኮሮና ጊዜ ቀርቶ ነበር፤ አሁን ኤምአይቲ፣ ሀርቫርድና ዳርትመዝ መልሰው ይጠይቃሉ። ችግሩ፣ እዚያ የሚያመለክተው ልጅ ሁሉ ማርኩ ጥሩ ነው።

አንዲት ተማሪዬ ኮመን አፕ ላይ (በአንድ ፎርም ለብዙ ዩኒቨርሲቲ የሚመለከትበት ድረ ገጽ ነው) ከትምህርት ውጪ የምትሠራውን ስትሞላ «የሚኒ ሚዲያ አባል፣ የቀይ መስቀል ክበብ አባል» ብላ ጻፈች። ቦታው 10 ነው፤ ለእያንዳንዱ መግለጫ የተፈቀደው 150 ፊደል ብቻ። «ከትምህርት ቤት ስትወጪ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት። «ምንም፤ እናቴን አግዛለሁ።» እናቷ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ልጅቷ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ ትጋግራለች፤ የዱቤ ደብተሩንም የምትይዘው እሷ ናት። በማግስቱ አመጣችው። ዳር ዳሩ ሊጥ ደርቆበታል። ስም፣ የወሰዱት፣ የቀረባቸው። ከኋላ ገጹ ላይ ጤፍ በጨመረ ቁጥር እንጀራው ስንት ቢሸጥ እንደማያከስር አስልታበታለች። ይህን ነበር «ምንም» ያለችው!

ከማመልከቻው ጋር የምትልከው ድርሰቷም ስለ አገራችን ድህነት ነበር። ማንም ሊጽፈው ይችላል። ለድርሰቱ የተፈቀደው 650 ቃል ለአገር አይበቃም፤ ለአንድ ደብተር ግን ይበቃል። እንደገና ጻፈችው። አራት ዩኒቨርሲቲ አልተቀበላትም፤ አምስተኛው ሙሉ ወጪዋን ችሎ ወሰዳት።

የእኔም ደብዳቤ መስተካከል ነበረበት። «ጎበዝ፣ ታታሪ፣ ሥነ ሥርዓት ያላት» የሚለው ለማንም ይሆናል። ሰሌዳ ላይ የሠራሁት ምሳሌ የምልክት ስህተት እንዳለበት በእረፍት ሰዓት መጥታ፣ ቀስ ብላ ያሳየችኝን ቀን ጻፍኩ። እናንተም መምህራችሁን ስትጠይቁ እንዲህ ያለ አንድ ቀን አስታውሱት። አያፍርባችሁም፤ ደስ ይለዋል።

ቀድመው ለሚያመለክቱ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ጥቅምት 22 ነው፤ ለሌላው ታህሳስ 23 አካባቢ። መምህራችሁን ከመስቀል በፊት ያዙት። የትምህርት ቤቱን ማህተም የሚይዘው ሰው የትኞቹን ቀኖች እንደሚገኝም አሁኑኑ ጠይቁ።