የአያትን ፎቶ አትቁረጡ፦ በልውውጥ ኮላጅ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ኮላጅ ማለት ቁርጥራጭ እየለጠፉ የሚሠሩት ምስል ነው፤ የልውውጡም አሠራር ቀላል ነው። አንድ አዘጋጅ ርዕስ፣ የገጽ መጠንና ቀነ ገደብ ያወጣል። አሥር ሰው ከተመዘገበ እያንዳንዱ አሥር ገጽ ሠርቶ ይልክለታል። አዘጋጁ ያደባልቅና ለእያንዳንዱ ሰው ከሁሉም አንድ አንድ ገጽ ይመልሳል። በአሜሪካና በአውሮፓ የእጅ ሥራ ወዳዶች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ይህን የምጽፈው የእናቱን አልበም ይዞ ሊገባበት ላሰበ ሰው ነው።

ገጹ ላይ ፎቶ፣ ወረቀት፣ ጨርቅ፣ ክርና ቀለም ይገናኛሉ። ሚክስድ ሚዲያ የሚሉት ይህንኑ ነው። ዕቃው ብዙ ስለሆነ ስህተቱም ብዙ ነው። አብዛኛው ግን የሚመጣው ገጹ የማታውቁት ሰው እጅ እንደሚገባ ከመርሳት ነው። ፖስታው ሲከፈት አጠገቡ ቆማችሁ «እቺ አክስቴ ናት፤ ይሄ ደግሞ መንገድ ላይ ነው የተላጠው» ማለት አይቻልም።

ዋናውን ፎቶ መቁረጥ

ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው። ሌላው በሙሉ ይስተካከላል፤ ይሄ አይስተካከልም።

ፎቶ እየቆረጡ መለጠፍ አዲስ ነገር አይደለም። በ1854 እ.ኤ.አ. ዲዝዴሪ የተባለ የፓሪስ ፎቶ አንሺ በአንድ መስታወት ላይ ብዙ ትንንሽ ምስል የማንሳት ዘዴን በስሙ አስመዘገበ። ፎቶ ረከሰ፤ ሰው እንደ መጠሪያ ካርድ ይለዋወጠው ጀመር። በ1860ዎቹና በ1870ዎቹ የእንግሊዝ ባለጸጋ ሴቶች የወዳጅ ዘመዱን ፊት ከካርዱ ላይ እየቆረጡ በውሃ ቀለም በሣሉት ዳክዬ ላይ ሳይቀር ይለጥፉት ነበር። እነሱ ቢቆርጡ አይፈረድባቸውም፤ ካርዱ በደርዘን ይታተም ነበር። የእናንተ አያት ፎቶ ግን ያው አንድ ነው። ኔጋቲቩ የለም፤ ምናልባት ፎቶ ቤቱም ዛሬ ሞባይል መሸጫ ሆኗል።

ስለዚህ ስካን አድርጉ። በዚያው መጠን ለማተም 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚቆጠር የነጥብ ብዛት) ይበቃል፤ ማተለቅ ከፈለጋችሁ 600 አድርጉት። ጥቁርና ነጩንም ቢሆን በቀለም ስካን አድርጉት፤ ያ ቡናማ ወዙ የሚቀረው እንደዚያ ከሆነ ብቻ ነው። የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቀለም ፎቶ ወደ ቀይ ከሄደባችሁ በኮምፒውተር ማስተካከል ትችላላችሁ። እኔ ግን እተወዋለሁ፤ ዘመኑ እዚያ ቅላት ውስጥ ነው ያለው።

ጀርባውንም አትርሱት። በኛ አገር ፎቶ ጀርባው ግማሽ ታሪኩ ነው። የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ፤ «ለማስታወሻ እንዲሆንሽ» የሚል የእጅ ጽሑፍ አለ፤ ቀን አለ። ያ የእጅ ጽሑፍ ታትሞ ገጹ ላይ ሲገባ ከሱቅ የሚገዛ የትኛውም ጌጠኛ ወረቀት አይደርስበትም።

ፎቶው ገጹ በሚያጣብቅ አልበም ውስጥ ከሆነ በጉልበት አትላጡት። የጥርስ ማጽጃ ክር ከኋላው አስገብታችሁ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። እንቢ ካለ ከነአልበሙ ስካን ይደረግ። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ጥረጉ። የጥቁርና ነጭ ፎቶ ምስሉ ያለው ጄላቲን በሚባል ስስ ሽፋን ውስጥ ነው፤ ጄላቲን ውሃ ሲነካው ያብጣል። በእርጥብ ጨርቅ ላጽዳው ያለ ሰው ፊቱንም አብሮ ሊያነሳው ይችላል።

እርጥብ ኮላ በኢንክጄት ህትመት ላይ

ቤት ውስጥ ያለው ፕሪንተር አብዛኛውን ጊዜ ኢንክጄት፣ ማለትም ፈሳሽ ቀለም የሚረጭ ነው። ቀለሙ በውሃ የሚሟሟ ዓይነት ከሆነ ኮላ ወይም ጄል ሚዲየም (ለማጣበቂያም ለመሸፈኛም የሚሆን ወፍራም የአክሪሊክ ቅባት) ሲነካው ይሰራጫል። አያትየዋ ሰማያዊ ያለቅሳሉ። መፍትሔው ሌዘር ፕሪንተር ነው፤ ቶነር የሚባለው ዱቄት ቀለሙ በሙቀት ወረቀቱ ላይ ስለሚቀልጥ ውሃ አያስለቅቀውም። በአቅራቢያችሁ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት በሌዘር ያትምላችኋል። ኢንክጄት ብቻ ካላችሁ ህትመቱን አሳድሩትና መጀመሪያ የተበላሸ ቁራጭ ላይ ሞክሩ። የሚያብረቀርቅ የፎቶ ወረቀት ደግሞ ተዉት። ወፍራም ነው፤ ጠርዙ ይነሳል፤ ቀለምም አይቀበልም።

ስለ ኮላው ራሱ አንድ ነገር ልበል። የጎማ ማጣበቂያ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል፤ ውስጡ ድኝ ሊኖር ስለሚችል ለእውነተኛ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ጠላት ነው። ተራ ፕላስተርም እንዲሁ ነው፤ ዓመታት ሲያልፉ ፕላስቲኩ ይረግፍና ቡናማ እድፉ ይቀራል። ከአሲድ ነጻ የሚል ምልክት ያለበት ነጭ ኮላ በቂ ነው።

ስስ ወረቀት ላይ መሥራት

የደብተር ወይም የፕሪንተር ወረቀት ኮላ ሲነካው ይጨማደዳል። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የውሃ ቀለም ወረቀት ያዙ። ኮላውን በስሱ ቀቡ፤ ከመሐል ወደ ዳር በጣታችሁ አስተካክሉ፤ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት አልብሳችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበትና አሳድሩት። ወደ አንድ ወገን ከታጠፈ በጀርባው በኩልም ወረቀት ለጥፉበት፤ ሁለቱ እየተሳሳቡ ይስተካከላሉ።

ሰውየውን ከፎቶ ቤቱ መነጠል

መቀስ የያዘ ጀማሪ መጀመሪያ የሚያደርገው የሰውየውን ዙሪያ ተከትሎ ቆርጦ ማውጣት ነው። አንዳንዴ ያስኬዳል። የኛ አገር የፎቶ ቤት ፎቶ ሲሆን ግን ትልቅ ኪሳራ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የፎቶ ሥራ ሥሩ ሩቅ ነው፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ሥራውም በቤተሰቡ ቀጠለ። በኋላ ፒያሳም ሌላውም ሰፈር ፎቶ ቤት በዛበት። እነዚያ ቤቶች የራሳቸው ዓለም ነበራቸው። በጨርቅ ላይ የተሣለ መልክዓ ምድር፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ለወጉ ያህል ጆሮ ላይ የሚደረግ ስልክ።

እሱን ሁሉ ጥላችሁ ሰውየውን ብቻ ስታስቀሩ የሚቀረው ኮት የለበሰ ሰው ነው። ያ ሰው እንዴት መታየት እንደፈለገ የሚናገረው ስልኩና አበባው ነበር። የተሣለውን መልክዓ ምድርም አበባውንም አይቶ፣ ክራቫቱን አስተካክሎ ነው የቆመው። ገጹ የሚደርሳት የካናዳ ሴትም ሰውየውን የምታውቀው በዚያ ብቻ ነው። ፎቶውን ከነጠርዙ አስገቡት። ያ የተሸረከተ የሚመስለው ነጭ ጠርዝ ሳይቀር ይግባ። ዙሪያውን መቁረጥ ካማራችሁ ሁለት ኮፒ አትሙና አንዱን ሙሉውን ተዉት።

አገሪቱን በሙሉ አንድ ገጽ ላይ ማስጎብኘት

ይሄ በተለይ ከአገር ርቀን ስንኖር የሚይዘን በሽታ ነው። ጥለት አለ፣ ጀበና አለ፣ መስቀል አለ፣ ባንዲራ አለ፣ የአክሱም ሐውልት አለ። አያትየው ከታች በኩል አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል።

መጀመሪያ ፊቱን አስቀምጡ። ሌላው ነገር የሚመጣው እሱን ለማገዝ ነው። ከነጠላ ጫፍ የተቆረጠ ሁለት ጣት የሚያህል ጥለት ካስገባችሁ ጀበናው ይቅር። ባዶ ቦታም ተዉ፤ ባዶ ቦታ ስንፍና አይደለም። ከመለጠፋችሁ በፊት ሁሉንም ደርድራችሁ በስልክ አንሱትና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ዓይናችሁ መጀመሪያ ፊቱ ላይ ካላረፈ አንድ ነገር አንሱ። አሁንም ካላረፈ ሌላ አንሱ።

ሻይና ቡና እየደፉ ወረቀት ማስረጀት የሚወዱም አሉ። አልከለክልም፤ ግን ከፎቶው ህትመት ራቅ ይበል፤ ሳይደርቅ ፖስታ ውስጥ የገባ ወረቀት ደግሞ ይሻግታል።

ሳይጠይቁ ማስገባት

ፎቶው የእናንተ አልበም ውስጥ ነው ማለት ፊቱም የእናንተ ነው ማለት አይደለም። በሕይወት ያለ ሰው ከሆነ ጠይቁት። ካረፈም የቅርብ ቤተሰቡን ጠይቁ፤ በተለይ ለቅሶ ላይ ደረት ላይ ታቅፎ የወጣ ፎቶ ከሆነ። ለእናንተ የሚያምር ምስል ነው፤ ለአክስታችሁ ግን ያ ቀን ነው። ፊቱ ላይ ክንፍ መትከል፣ ቀንድ መሣል፣ ዓይን በክር መስፋት በዚህ ሙያ የተለመደ ጨዋታ ነው። በማይታወቅ ሰው ላይም ቢሆን ሁለቴ ማሰብ ይሻላል።

የቤተሰብ ፎቶ መንካት ካልፈለጋችሁ ምንጭ ሞልቷል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ1935 እስከ 1944 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ፎቶ አንሺዎች ያነሷቸውን የገበሬና የሠራተኛ ፎቶዎች በነጻ እንድታወርዱ ያቀርባል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ፍሊከር ኮመንስ በሚባለው የፎቶ ድረ ገጽ ላይ የብዙ አገር ሙዚየሞችና ቤተ መዛግብት ፎቶዎች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ፎቶ ሥር ያለውን የመብት መግለጫ ሳታነቡ ግን አታትሙ።

መመሪያውን በግማሽ ማንበብ

መጠኑ ሕግ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ውስጥ የተጀመሩት የአርቲስት መለዋወጫ ካርዶች ለምሳሌ 64 በ89 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ይለወጣሉ እንጂ አይሸጡም። ገጾቹ በመጽሐፍ መልክ የሚጠረዙ ከሆነ ደግሞ በግራ በኩል ለመጠረዣ የሚቀር ቦታ አለ። ፊቱን እዚያ ካስቀመጣችሁት አዘጋጁ ጆሮው ላይ ይበሳዋል። ጠፍጣፋ ይሁን ከተባለ ቁልፍ፣ ሳንቲምና ዛጎል አይለጠፍም፤ የጎረቤቱን ገጽ ይወጋል።

ደርቋል ብሎ ማሸግ

አክሪሊክ (ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ የሚሆን ቀለም) የነካው ገጽ እጅ ላይ ባይጣበቅም በሙቀት ተመልሶ ይለሰልሳል። አሥር ገጽ ተደራርቦ በበጋ የፖስታ መኪና ውስጥ ሲከርም አንዱ የሌላውን ፊት ይዞ ይነሳል። ጥቂት ቀን አናፍሱት፤ በየገጹ መሐል የኬክ መጋገሪያ ወረቀት አስገቡ፤ ከላይና ከታች ጠንካራ ካርቶን አድርጉ።

ጀርባውን ባዶ መተው

ተቀባይዋ ገጹን ወዲያው ትገለብጠዋለች። ስማችሁን፣ ከተማችሁን፣ የተጠቀማችሁበትን ዕቃና በፎቶው ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ በአንድ መስመር ጻፉ። «የእናቴ ታላቅ እህት፣ ደሴ» ይበቃል። ዓመተ ምሕረቱ ላይ ተጠንቀቁ። ከፎቶው ጀርባ 1965 ካለ በኛ አቆጣጠር ነው፤ ለፈረንጅ 1972 ወይም 1973 ነው። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልጻፋችሁ ቤልቦተም የለበሰችውን ወጣት ሰባት ዓመት ወደኋላ ትወስዷታላችሁ።

አድራሻውም ላይ ሐሳብ ይኑራችሁ። ኢትዮጵያ ላለ ሰው የምትልኩ ከሆነ ፖስታው አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ፖስታ ሣጥን ውስጥ ነውና ቁጥሩን ጠይቁ፤ ሰፈርና የቤት ቁጥር ብቻውን ላያደርስ ይችላል። የተቀባዩ ስልክ ቁጥርም ይጻፍ። ፖስታ ይጠፋልና ከማሸጋችሁ በፊት ገጾቹን ፊትም ጀርባም በስልካችሁ አንሷቸው።